«ደሞዝ ናት» ሲሉሽ ምን ማለታቸው ነው?

የወሩ መጨረሻ አካባቢ ስለሆነ የብዙዎቻችን ኪስ ምን እንደሚመስል መጠየቅ ነውር ነው፤ እናልፈዋለን። ጥቂት ቀን ታገሡ፣ ደሞዝ ይወጣል።

የዛሬው ጨዋታችንም ስለ ደሞዝ ነው። አይ... ስለ ጭማሪው አይደለም። ስለ ግብሩም አይደለም። እሱን ለኢኮኖሚ ገጽ ጸሐፊዎች ትተንላቸዋል። የእኛ ጉዳይ ከቃሏ ጋር ነው። ይህቺ በየወሩ በናፍቆት የምንጠራት ቃል ለካስ ድሮ ሌላ ሥራም ነበራት! ይህንን ያስነሳብን ደግሞ ከአንዲት እህታችን የደረሰን ደብዳቤ ነው። ስሟን፣ ሰፈሯንና የምትሠራበትን መሥሪያ ቤት ትተን፣ ትንሽ አሳጥረን እነሆ፦

«...ዕድሜዬ 27 ነው። ከጓደኛዬ ጋር አንድ ቤት ተከራይተን መኖር ከጀመርን አራት ዓመት አልፎናል። ሠርግ አልደገስንም፣ ወረቀትም አልፈረምንም። ‹ቤት ሲደርሰን እንፈርማለን› ስንል ስንል እዚህ ደረስን። ጸብ የለንም፣ ተስማምተን ነው የምንኖረው። በቅርቡ የእሱ ዘመድ አርፎ ለቅሶ ቤት ሄድን። እኔም እንደ ቤተሰብ ጓዳ ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። አንዲት ሴትዮ አዩኝና ‹ይህቺ ቆንጆ የማናት?› ብለው ጠየቁ። የእሱ አክስት ቀበል አድርገው ‹የእሱ ናት። ሚስት እንኳ አይደለችም፣ ደሞዝ ናት› አሉ። ትልልቆቹ ሴቶች በሙሉ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ምኑም አልገባኝም፤ ዝም ብዬ ሽንኩርቴን ከተፍኩ። ዕንባዬ የሽንኩርቱ ይሁን የእኔ እንጃ። ማታ እሱን ስጠይቀው ‹የአሮጊት ወሬ ነው፣ ተያት› አለኝ። እንዴት ነው የምተዋት? እኔ ከማንም ደሞዝ አልቀበልም! እንዲያውም የእኔ ደሞዝ ከእሱ ይበልጣል። ለኮንዶሚኒየም እሱ በ2005 ዓ.ም. የተመዘገበበትን ቁጠባ እንኳ አብረን መኖር ከጀመርን ወዲህ ግማሹን በየወሩ የምሰጠው እኔ ነኝ። ደሞዝ ናት ማለት ምን ማለት ነው? ስድብ ነው? ስድብ ከሆነስ ምን ልመልስ?...»

ደብዳቤውን ለባልደረቦቻችን አነበብንላቸው። ከሠላሳ ዓመት በታች የሆኑት በሙሉ «እንዴ፣ ሠራተኛ ናት ለማለት ነው?» አሉ። ጸጉራቸው ገብስማ የሆነው ብቻ ፈገግ አሉ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ መጻፍ እንዳለበት የገባን።

ከቃሏ እንነሳ። በአፋችን አሳጥረን ደሞዝ እንላታለን እንጂ በጽሑፍ ደመወዝ ናት። ሲፈቷት ሁለት ናት፦ ደም እና ወዝ። ደምን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወዝስ? ላብ ነው ብሎ የሚያልፈው ብዙ ነው፤ ላብ ብቻ ግን አይደለም። ወዝ ማለት ሰው ሲጠግብ፣ ሲስማማው፣ ደስ ሲለው ከቆዳው ላይ ወጣ ብሎ የሚያበራው ያ ቅባት ነገር ነው። «ፊቷ ወዝ አለው» ስንል አልቧታል ማለታችን አይደለም። ወዘና ያላት ልጅ በቅባት ብዛት የምታበራ አይደለችም፣ ከውስጥ ነው። የተጎዳ ሰው ስናይ «ወዙ ተመጠጠ» እንላለን። የአያትን በትር ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? መያዣው ላይ ለስልሶ፣ ጠቆር ብሎ፣ ያብረቀርቃል። ማንም ቀለም አልቀባውም፤ የሠላሳ ዓመት የእጅ ወዝ ጠጥቶ ነው። ጨዋታም ወዝ አለው። አንዳንዱ ሰው ሲያወራ ቁም ነገር ይናገራል፣ ወዝ ግን የለውም፣ እንቅልፍ ያመጣል።

በደርግ ዘመን ይህቺው ወዝ ፖለቲካ ውስጥ ገብታ ነበር። ፋብሪካ የሚሠራውን ሰው ምን ብለን እንጥራው በሚል ስንት ጭቅጭቅ አለፈ! ወዝ አደር ያለ አለ፣ ላብ አደር ያለ አለ፣ ኋላ ደግሞ ሠርቶ አደር መጣና የኢሠፓአኮ ጋዜጣ ስም ሆነ። ኢማሌድኅ ከሚባለው ስብስብ አምስት ድርጅቶች አንዱም ወዝ ሊግ ይባል ነበር። የዛሬ ወጣት ይህን ሲሰማ የኳስ ውድድር ሊመስለው ይችላል...

እንግዲህ ደመወዝ ማለት ሰው ደሙንና ወዙን ለሌላ ሰው ሰጥቶ በምትኩ የሚቀበለው ነው። ከባድ ቃል ናት! ፔሮል ላይ ስንፈርም ይህን ሁሉ አናስብም እንጂ። ወደ ዓረብ አገር ሄደው በሰው ቤት የሠሩ፣ የወራት ደሞዛቸው ተይዞባቸው የተመለሱ እህቶቻችን ግን ሁለቱንም ክፍሏን፣ ደሙንም ወዙንም፣ ከመዝገበ ቃላት በላይ ይነግሩናል።

በዚህ መሀል አንድ ነገር ሳንጠቅስ ብናልፍ ይቆጨናል። አማርኛችን ደሞዝን ይቆርጣል። ቀጣሪው ሲቀጥርህ «ደሞዝ ቆረጠለት» ይባላል፤ ስታረፍድ ደግሞ «ደሞዝ ቆረጠበት» ይባላል። አንዱ መተመን፣ አንዱ መቀነስ። በ«ለት» እና በ«በት» መካከል ያለውን ልዩነት የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ያውቀዋል። ቀለብም እንደዚሁ ነው፤ ፍርድ ቤት ለልጅ ቀለብ ቆረጠ ሲባል ልጁ አገኘ ማለት እንጂ አጣ ማለት አይደለም። ይህቺን «ቆረጠለት» ያዙልን፣ ቆይተን እንፈልጋታለን።

አሁን ወደ አክስትየዋ እንመለስ። እሳቸው «ደሞዝ ናት» ሲሉ ስለ ወር ደሞዝ አይደለም ያወሩት። በአገራችን በተለይ በሰሜኑና በመካከለኛው ክፍል ድሮ የታወቀ የደሞዝ ጋብቻ የሚባል ነገር ነበር። አዎ፣ ጋብቻ! እንዲህ ነው፦ አንድ ሲራራ ነጋዴ፣ ወይም ወታደር፣ ወይም ለሹመት ከአገሩ ርቆ የተላከ ሰው አንድ ከተማ ይደርሳል። ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ይቆያል። ሆቴል የለ፣ ምግብ ቤት የለ፣ የሚከራይ ክፍል የለ። እንጀራ ደግሞ ከሱቅ አይገዛም። እህል መፈጨት አለበት፣ መቦካት አለበት፣ መጋገር አለበት፣ ጠላ መጠመቅ አለበት። ይህን ሁሉ የሚያደርግለት ሰው ይፈልጋል፤ የሚያጫውተውም ይፈልጋል። ስለዚህ አንዲት ሴት ጋር ይነጋገርና ይዋዋላሉ። ለዚህን ያህል ጊዜ ቤቴን ትይዢልኛለሽ፣ ሚስቴ ትሆኛለሽ፤ እኔ ደግሞ ይህን ያህል ገንዘብ፣ ወይም ይህን ያህል እህልና ልብስ እከፍላለሁ። ይህ ክፍያ ደሞዝ ይባላል። ጋብቻውም በዚሁ ስም ተጠራ፣ ሴቲቱም የደሞዝ ሚስት ተባለች። አክስትየዋ «የደሞዝ ሚስት» የሚለውን አሳጥረው ነው እንግዲህ «ደሞዝ ናት» ያሉት።

ልብ በሉ፣ ውሉ በጨለማ አልነበረም። ወረቀት ባይኖርም ምስክር ነበረ። ሰው ተጠርቶ፣ እሷም ባለችበት፣ «ደሞዟ ይህን ያህል ነው፣ ጊዜው እስከዚህ ነው» ተብሎ ይነገራል። ሰውየው የተቆረጠላትን የመክፈል ግዴታ አለበት። ጊዜው ሲያልቅ ይለያያሉ፤ ወይም ከተስማሙ ይቀጥላሉ። ከዚህ ጋብቻ ልጅ ቢወለድ አባቱ ያሳድገዋል፤ አባት ቢሞትም ልጁ ከውርሱ መጠየቅ ይችላል። ሴትየዋ ግን አትወርስም። የእሷ ድርሻ ደሞዟ ብቻ ነው።

ይህን ከሌሎቹ ጋር አስተያዩት። ከላይ ቁርባን አለ፤ ተክሊልና ሥጋወደሙ ያለበት፣ መፍታት የሌለበት ነው። ቀጥሎ ሰማንያ አለ። ሰማንያም እንደ ደሞዝ የምትገርም ቃል ናት፤ ቁጥር ሆና ሳለ ጋብቻ ሆነች! ውሉን ላፈረሰ ሰማንያ ጠገራ ብር መቀጫ ስለሚታሰብበት ነው እየተባለ ይነገራል። ዛሬም «ሰማንያ ቀደዱ» ሲባል ተፋቱ ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። በሰማንያ የተጋቡ ሲለያዩ ያፈሩትን እኩል ይካፈላሉ፤ በሬውም፣ እህሉም፣ ቤቱም ለሁለት ነው። የደሞዝ ሚስት ግን አሥር ዓመት ብትፈጭም፣ በሬው በእሷ ጠላና በእሷ እንጀራ የተገዛ ቢሆንም፣ ቀንዱን እንኳ አትካፈልም። ደሞዟን ተቀበለች፤ በቃ።

ስለዚህ ለሴትየዋ ጥሩ ነበር ወይ ብላችሁ ብትጠይቁን «እንደ አማራጯ ነው» እንላለን። ከባሏ የተፋታች፣ ርስት የሌላት፣ ወደ ወላጆቿ መመለስ የማትፈልግ ሴት ቢያንስ የምታውቀውና በምስክር የተያዘ ገቢ ነበራት። ውሽማ አይደለችም። ውሽማ ድብቅ ነው፤ የደሞዝ ሚስትን ግን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃታል። ቅምጥም አይደለችም፤ ቅምጥ ያስቀመጣት ሰው እስከወደደ ድረስ ነው የምትኖረው፣ የምትጠይቀው ውል የላትም። ቁባትም አይደለችም፤ ቁባት የነገሥታት ነገር ነው፣ ንጉሥ ሰሎሞን ሦስት መቶ ነበሩት ተብሎ ተጽፏል። (ከሰባት መቶዎቹ ሚስቶች በተጨማሪ ነው እንግዲህ። የሰውዬው ጥበብ የታወቀው ወዶ አይደለም!) የደሞዝ ሚስት ከእነዚህ ሁሉ ትለያለች። ደረጃዋ ዝቅ ያለ ይሁን እንጂ ሚስት ነች።

ታዲያ ቃሉ እንዴት ስድብ ሆነ? በእኛ አስተያየት ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሾሙ። ከዚያ በኋላ እየቆየ ጽሕፈት ቤት በዛ፣ ጸሐፊ በዛ፣ በወር በወር ገንዘብ የሚቆረጥለት ሰው በዛ። ደሞዝ የቢሮ ሰው ቃል ሆነች። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ እቴጌ ጣይቱ ሆቴል ተከፈተ። አጋጣሚ ነው፣ ግን ምን ያለ አጋጣሚ! መንገደኛው አልጋና ትኩስ ምግብ በገንዘብ የሚያገኝበት ዘመን መጣ። ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ የኪራይ ቤቱ በየከተማው ሲበዛ የደሞዝ ሚስት የምትሠራው ሥራ ተበታትኖ ለሌላ ሰው ሄደ። አልጋው ለሆቴሉ፣ እንጀራው ለምግብ ቤቱ። ከእሷ ሥራ ሰው የሚያስታውሰው አንዱን ብቻ ሆነ፣ እሱም ስድብ የሚሆነውን። መፍጨቷ፣ መጋገሯ፣ መጥመቋ፣ ቤት ይዛ ማደሯ ተረሳ።

ይህን ካልን ዘንድ ከአንድ ወንድ አንባቢያችን ከሳምንታት በፊት የደረሰንን አጭር ወረቀት እዚህ ብንጥለው ቦታው ነው። «ከፍቅረኛዬ ጋር ገና አብረን መኖር አልጀመርንም። ግን ተማሪ ስለሆነች በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እሰጣታለሁ። እሷ በቀልድ ‹ደሞዜ ዘገየ› ትለኛለች። ሌላውን ስትቀልድ ደስ ይለኛል፣ ይህቺ ግን ለምን እንደሆነ ሆዴን ትቆርጠኛለች» ይላል። ወንድማችን፣ ሆድህ ከአንተ በፊት ያውቅ ነበር! ቃሏ የድሮ ትዝታ አላት። እሷ ግን እንዳላወቀች ማልንልህ፤ ተዋት ትቀልድ። ይልቅስ በየወሩ ስታዘገይ እሷ መጠየቋ ነው የሚከብዳት። ቀልዱ የመጣው ከዚያ ይሆናል። ሳትጠየቅ በጊዜው ስጥ፣ ቀልዱ በራሱ ይጠፋል።

ወደ ባለ ሽንኩርቷ እህታችን እንመለስ። የጠየቅሽን «ስድብ ነው?» ብለሽ ነው። በአክስትየዋ አፍ አዎ፣ ስድብ ነው። «ጊዜያዊ ነሽ፣ ከዚህ ቤት ድርሻ የለሽም» ነው ያሉሽ። ይህን ለማለስለስ አንሞክርም። ግን እኛን ያሳሰበን ስድቡ አይደለም። ያሳሰበን የደሞዝ ሚስት የነበራት ነገር አንቺ ጋ አለመኖሩ ነው። እሷ ምስክር ነበራት፣ አንቺ የለሽም። እሷ ጊዜዋን ታውቀው ነበር፣ አንቺ «ቤት ሲደርሰን» ነው የተባልሽው፤ የኮንዶሚኒየም ዕጣ መቼ እንደሚወጣ ደግሞ ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። ለእሷ ደሞዝ ተቆርጦላታል። ከአንቺ ግን በየወሩ ለቁጠባው ይቆረጥብሻል! «ለት» የነበረው «በት» ሆነ። ያዙልን ያልናችሁ ለዚህ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ጋብቻ በሦስት መንገድ ይፈጸማል አለ፦ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖት ሥርዓት እና በልማድ። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብሮ መኖርንም ሕጉ አላየሁም አላለም፤ ግን እንዲህ የሚኖሩ ሰዎች የጋራ ንብረት የላቸውም አለ። በዚያ ሕግ ጊዜ ብትሆኚ ኖሮ ፍሪጁን ገዝተሽ ደረሰኙ በእሱ ስም ከሆነ ፍሪጁ የእሱ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን ለወጠው። ወንድና ሴት ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ቢያንስ ሦስት ዓመት አብረው ከኖሩ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያፈሩት የጋራቸው ነው። አንቺ አራት ዓመት አልፎሻል። (ይህ የፌዴራሉ ሕግ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ላይ ነው የሚሠራው፤ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸውና እዚያ ያላችሁ አንባብያን የክልላችሁን ጠይቁ።) ልጅ ቢኖራችሁም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ ከጋብቻ ከተወለደው እኩል መብት አለው። ይህን ያህል መንገድ ሄደናል።

ግን ሕግ ያለው ማስረጃ ላለው ሰው ነው። ነገ ጸብ ቢመጣ፣ እግዜር ያርቀውና፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «አብረው ይኖሩ ነበር ወይ?» ነው። ጎረቤትና ዘመድ እንደ ባልና ሚስት ስትኖሩ አይተዋችኋል ወይ? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቀው። አክስትየዋ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ ያን ሁሉ ሴት ሰብስበው፣ «የእሱ ናት» ብለው በአንደበታቸው መስክረውልሻል! ሊያዋርዱሽ ብለው ምስክር ሆኑልሽ። እነዚያ የሳቁት ሴቶችም ሰምተዋል። ስማቸውን ብታውቂ አይከፋም።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። ለቁጠባው የምትሰጪውን በእጁ እየሰጠሽው ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ከባንክ ሂሳብሽ ወደ ሂሳቡ አስተላልፊ፤ ምክንያቱንም እዚያው ጻፊ። ማመን አለማመን አይደለም፤ ሰው ያምናል፣ ወረቀት ደግሞ ያስታውሳል። ቤቱን በተመለከተ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። እሱ የተመዘገበው ከአንቺ በፊት ነው፤ አንቺ ከመምጣትሽ በፊት የቆጠበው የራሱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሌላ ነው። ይህን የሚለይልሽ ጠበቃ እንጂ የጋዜጣ ገጽ አይደለም። አንድ ሰዓት የምክር ዋጋ ክፈይና ጠይቂ። የአራት ዓመት ቁጠባ ከዚያ ይበልጣል።

ሦስተኛው ዋናው ነው፣ ከእሱ ጋር መነጋገር። «የአሮጊት ወሬ ነው፣ ተያት» ያለው ወይ እውነት ሳያውቀው ነው፣ ወይ አውቆት አፍሮ ነው። ሁለቱም ይቅር የሚባል ነው። ይቅር የማይባለው ከዚህ በኋላ ዝም ካለ ነው። ይህን ጋዜጣ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪለት (ስምሽን አላወጣንም፣ አትፍሪ)። ሲያነበው «ቤት ሲደርሰን እንፈርማለን» ያልነው ተገላቢጦሽ አይመስልህም ወይ በዪው። ቤት ከመጣ በኋላ መፈረም የሚከብደው ሰው ሞልቷል፤ ያን ጊዜ የሚካፈሉት ነገር አለና። ባዶ እጅ ሲሆኑ ነው ብዕር የሚቀለው። ሠርግ አያስፈልግም፣ ድንኳን አያስፈልግም። ወሳኝ ኩነት ሄዳችሁ፣ ለእሱ ሁለት ለአንቺ ሁለት ምስክር ይዛችሁ፣ ፈርማችሁ ስትወጡ ለምሳ ትደርሳላችሁ። አራት ሰው ማግኘት አያቅታችሁም፤ አክስትየዋም ቢመጡ ክፉ አይደለም።

ካልፈለገስ? ወይም አንቺ ራስሽ ካልፈለግሽስ? እሱም መብት ነው። ሳይጋቡ በደስታ የሚኖሩ ሰዎች እናውቃለን፤ ለእነሱ ወረቀት አስፈላጊ አይመስላቸውም፣ አንከራከራቸውም። ግን «አንፈርምም» ማለትና «ቆይ እንፈርማለን» ማለት ሁለት የተለያዩ ኑሮዎች ናቸው። የመጀመሪያው ሰው የያዘውን ያውቃል። ሁለተኛው ደግሞ የሚጠብቅ ሰው ነው፤ ለመጠበቅ ደግሞ ደሞዝ አይከፈልም። ጳጉሜን አስቡት። በወር ደሞዝ የምንሠራ ሰዎች አምስቱን ቀን፣ አንዳንዴም ስድስቱን፣ ለብቻው ሳይከፈለን እንሠራለን፤ አሥራ ሦስት ወር ኖረን የአሥራ ሁለት እንቀበላለን። ለአምስት ቀን ምንም አይደል፣ በዓሉም ደርሷል። ዕድሜሽን ሙሉ ጳጉሜ ላይ ማሳለፍ ግን ይከብዳል።

በመጨረሻ «ምን ልመልስ?» ብለሻል። ትልቅ ሰው ናቸውና መሳደብ አይገባም፤ ዝም ማለትም አይገባም። በሚቀጥለው ጊዜ፣ ለቅሶም ይሁን ሠርግ፣ አክስትየዋ ያቺን ቃል ካወጡ፣ ቢላዋሽን አስቀምጪና በፈገግታ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርገሽ፣ እንዲህ በያቸው፦ «እትዬ፣ ደሞዝ ከሆንኩማ ስንት ነው የተቆረጠልኝ? እስካሁን አንድ ሳንቲም አልደረሰኝም፤ የአራት ዓመት ውዝፍ አለኝ።»

ያሉሽን ጽፈሽ ላኪልን።